ዕዳ ከሜዳ አይምጣብን፦ ስለ ቤተሰብ ክፍያና ስለ ሕፃናት ማቆያ ድጎማ ግልጽ ደብዳቤ

ለአውስትራሊያ የፌዴራል ፓርላማ አባላት፣
የቤተሰብ ክፍያንና የሕፃናት ማቆያ ድጎማን ሕግ ለምታወጡና ለምታሻሽሉ ሁሉ

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት በምክንያት ነው። የእንግሊዝኛውን ቅጂ ለምርጫ ክልላችን ተወካይ ቢሮ አደርሳለሁ። ግን መጀመሪያ እንዲያነቡት የፈለግኩት ሜልቦርን፣ ሲድኒ፣ ፐርዝና ብሪዝበን ያሉ እናቶች ናቸው። ልጆቻቸውን አስተኝተው፣ ሌሊት በስልካቸው ፎርም የሚሞሉት እነሱ ናቸው። የምጽፈውም የእነሱን ጉዳይ ነው። የተሳሳትኩት ካለ ከእናንተ በፊት እነሱ ያርሙኛል።

እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው በሜልቦርን ምዕራብ ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ፤ ኤጅድ ኬር የምንለው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፎርም የከበዳቸውን እናቶች ቁጭ ብዬ አግዛለሁ። ባለሙያ አይደለሁም። አንዷ ጠየቀችኝ፣ እሷ ሌላዋን ይዛ መጣች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ ነው።

በስድስት ዓመት ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው። "እዚህ ጋ ምን ልበል?" ጣታቸው የሚያርፈውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። "የዚህን ዓመት የቤተሰባችሁን ገቢ ገምቱ" የሚለው ሳጥን ላይ።

ደብዳቤዬ ስለዚያች ሳጥን ነው፤ የቤተሰብ ክፍያችንም የማቆያ ድጎማችንም የሚሰላው በእሷ ነው።

የእናንተ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ጀምሮ ጁን 30 ያልቃል። የእኛ አገር የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። በፈረንጆቹ ስትቆጥሩት የሚለያዩት በአንድ ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰኔ ሲመጣ ሂሳብ መዝጋት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የከበደን ዓመቱ ገና ሳይጀመር የዓመቱን ሂሳብ ተናገሩ መባላችን ነው።

እስቲ የእኛን ሥራ አስቡት። ካዡዋል ነን፤ ቋሚ ሰዓት የለንም። ሮስተሩ፣ ማለትም የሥራ ፈረቃው ዝርዝር፣ የሚወጣው ለሁለት ሳምንት ነው፤ እሱም ይቀየራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል፣ "ዛሬ ሰው ጎሎናል፣ ትመጫለሽ?" ይባላል። ከሄድኩ ገቢዬ ጨመረ። ልጄ ካተኮሰው ቀረሁ፤ ቀነሰ። ባለቤቴ ደግሞ በራሱ ኤቢኤን፣ በግል የንግድ ቁጥሩ፣ ነው የሚሠራው። የነዳጁ፣ የኢንሹራንሱ፣ የጥገናው ወጪ ተቀንሶ ትርፉ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው አካውንታንቱ ሲሠራለት ነው። እንኳን የዓመቱን፣ የሚቀጥለውን ወር ንገሩን ብትሉን አናውቅም። በዚህ ላይ የሆስፒታልና የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኞች ሳላሪ ፓኬጂንግ የሚባል ነገር አላቸው፤ ከደሞዛቸው ከፊሉ ከግብር በፊት በጥቅማ ጥቅም መልክ የሚሰጥበት ነው። ደሞዛቸው ላይ አይታይም፣ ለቤተሰብ ክፍያ ስሌት ግን ይቆጠራል። ይህንን ያወቀች እናት እስካሁን አልገጠመችኝም። ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚነገራቸው።

ታዲያ ግምቱ ቢሳሳት ምን ይሆናል? በቁጥር ላሳያችሁ። ከእናንተ ውስጥ ይህን ሕግ በእጁ አስልቶ የሚያውቅ ብዙ አይመስለኝም። ቅር አይበላችሁ።

አንድ ቤተሰብ ውሰዱ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ። ባል 52,000 ዶላር ያገኛል። ሚስት 18,000 አገኛለሁ ብላ ገመተች። ድምሩ 70,000 ነው። ክረምት ገባ፣ የሥራ ባልደረቦቿ በጉንፋን ወደቁ፣ ሺፍት ጨምሪ ተባለች። እሺ አለች። ዓመቱ ሲዘጋ 27,000 አግኝታለች። በ9,000 ዶላር ጨመረ ማለት ነው። የቤተሰብ ክፍያው፣ ፋሚሊ ታክስ ቤኔፊት የምንለው፣ ፓርት ኤ እና ፓርት ቢ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። ፓርት ኤ የቤተሰቡ ገቢ ቅነሳ የሚጀመርበትን መነሻ ካለፈ በኋላ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር 20 ሳንቲም ይቀንሳል። ስለዚህ 1,800 ዶላር ሄደ። ፓርት ቢ ደግሞ ከባልና ሚስት አነስተኛ ገቢ ያለውን ይመለከታል። የእሷ ገቢ የዚያን መነሻ ስላለፈ እዚያም 20 ሳንቲም ይቀንሳል። ሌላ 1,800 ዶላር። በአንድ ክረምት ሥራ 3,600 ዶላር።

ገንዘቡ መቀነሱን አልቃወምም። ብዙ ያገኘ ትንሽ ቢደጎም ያስማማናል። ጭንቁ ገንዘቡ ቀድሞ መከፈሉ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ገብቷል። ዳቦ ሆኗል፣ ዳይፐር ሆኗል፣ የመብራት ሆኗል። አሁን "መልሺ" ይባላል። ዓመቱ ሲዘጋ የሚጨመረው ማካካሻ ከፊሉን ይሸፍንላታል። የቀረው ግን ዕዳ ተብሎ በስሟ ይጻፋል። የቤተሰቡ ገቢ ከ80,000 ዶላር በአንድ ዶላር ቢያልፍ ደግሞ የፓርት ኤው ማካካሻ ራሱ አይኖርም።

ለእንዲህ ያለው ነገር በአገራችን ቋንቋ ስም አለው። ዕዳ ከሜዳ።

የዕዳ ደብዳቤ የደረሳት አንዲት እህት ቅዳሜ ዕለት ይዛው መጣች። አልከፈተችውም ነበር። "ዕዳ" የሚለውን ቃል በፖስታው መስኮት በኩል አይታ አራት ቀን በቦርሳዋ ይዛው ዞራለች። አብረን ከፈትነው፣ አብረን አሰላነው። ስሌቱ ትክክል ነበር። ይህንን በደንብ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። ማንም ሠራተኛ አላጠፋም፣ ኮምፒውተሩም አልተሳሳተም፣ እሷም አልዋሸችም። ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠርቶ መጨረሻው ዕዳ ሆነ። እሷ ግን የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው። "መንግሥት ሌባ አለኝ" አለች። አለቀሰች። እኛ አገር ዕዳ የስም ጉዳይ ነው። የእቁብ ዕጣ ደርሷት በልታ የጠፋች ሴት በሰፈር እንዴት እንደምትታይ ታውቃለች። ራሷን በዚያ ዓይን አየችው።

ከዚያ በኋላ ምን አደረገች መሰላችሁ? በሚቀጥለው ጁላይ ግምቷን ወደ ላይ ሰቀለችው። "አይበቃኝም፣ ግን ሰላም ይሻለኛል" አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ የሚገባትን ያህል ሳታገኝ ቆየች። ያልተከፈላት ገንዘብ ዓመቱ ሲዘጋ፣ የሁለታቸውም ግብር ተሠርቶ ሲያልቅ ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ልጁ ወተት የሚፈልገው ዛሬ ነው። እንደዚህ የሚያደርጉ እናቶች ጥቂት አይደሉም፤ እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ጠንቃቃዎቹ ሁሉ እንዲህ ናቸው። እነሱ ዕዳ ስለሌለባቸው የማንም ሪፖርት ውስጥ አይገቡም።

የማቆያው ድጎማ፣ ቻይልድ ኬር ሰብሲዲ የምንለው፣ የቆመውም በዚችው ሳጥን ላይ ነው። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ገቢያቸው እስከ 80,000 ዶላር የሆነ ቤተሰቦች 90 በመቶ ይደጎማሉ። ከዚያ በላይ በየ5,000 ዶላሩ አንድ በመቶ ይቀንሳል። ይህ የ80,000 መነሻ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ብሏል። ጥሩ ድጎማ ነው፤ ያለ እሱ እኔ ሥራ አልሠራም ነበር። ግን ከድጎማው 5 በመቶ ዓመቱን ሙሉ ተይዞ ይቆያል። ለምን? ግምቱ ከተሳሳተ መያዣ እንዲሆን። ሕጉ ራሱ ግምቱ እንደሚሳሳት ያውቃል ማለት ነው! ማቆያው በቀን 130 ዶላር ቢሆንና ልጁ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሄድ፣ ድጎማው 90 በመቶ ሆኖ ዋጋው መንግሥት ለአንድ ሰዓት ከፈቀደው የዋጋ ጣሪያ ካላለፈ፣ በሳምንት 17 ዶላር ከ55 ሳንቲም ይያዛል። ለእናንተ ትንሽ ትመስላለች። እኛ ቤት የሁለት ቀን እራት ናት።

ሮቦዴትን አልረሳነውም። ከ2015 ጀምሮ መንግሥት የሰዎችን ዓመታዊ ገቢ ለየሁለት ሳምንቱ እኩል እያካፈለ፣ ያልነበረባቸውን ዕዳ ይጠይቅ ነበር። የንጉሣዊው መርማሪ ኮሚሽን በጁላይ 2023 ባወጣው ሪፖርት አሠራሩ ፍትሐዊም ሕጋዊም አልነበረም ብሏል። እኔ የምጽፍላችሁ ሌላ ነገር ነው፤ የእኛ ዕዳ በሕግ የተሠራ ነው። አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ። ሁለቱም የሰው ገቢ በየወሩ እኩል ይመጣል ብለው ያስባሉ። እኩል የሚመጣለት የቢሮ ሠራተኛ ነው። የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሹፌር ግን እንደ ዝናብ ነው የሚመጣለት፤ አንዴ በላይ በላዩ፣ አንዴ ጭራሽ የለም።

አንድ እህት አለችኝ፣ ቶሮንቶ ነው የምትኖረው። ስለዚህ ጉዳይ በስልክ ሳወራት ሊገባት አልቻለም። "የምን ግምት?" አለችኝ። ካናዳ ከ2016 ጀምሮ ያለው የልጆች ክፍያ ግምት የሚባል ነገር የለውም። ከጁላይ እስከ ጁን በየወሩ የሚከፈለው ባለፈው ዓመት ግብር ላይ በታወቀው ገቢ ነው። ባልና ሚስት ግብራቸውን በጊዜው ካሠሩ ስሌቱን መንግሥት ይሠራዋል። ዘንድሮ ተጨማሪ ሺፍት ብትሠራ የዘንድሮ ክፍያዋ አይነካም። የሚቀንሰው በሚቀጥለው ጁላይ ነው፤ ያኔም አስቀድማ ታውቀዋለች፣ ትዘጋጃለች። ሌሊት ፖስታ ይዞ የሚያስለቅስ ነገር የለም።

የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ክፍያውንም ድጎማውንም ለመጨረሻ ጊዜ ግብር በተሠራበት ዓመት ገቢ ላይ አቁሙት። ለዓመቱ በሙሉ ጽኑ ይሁን። ሥራዋን ያጣች፣ ከባሏ የተለየች፣ የታመመች እናት ገቢዬ ወርዷል ካለች ወዲያው ከፍ ይደረግላት። ገቢዋ ከጨመረ ግን ዕዳ አይባል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገር።

"ገቢዋ የጨመረ እናት ለጥቂት ወራት የማይገባትን ታገኛለች" ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ታገኛለች። ይህን አልደብቅም። ግን አስቡት። የምታገኘው ሥራ በመጨመሯ ነው፤ እናንተም ሴቶች ሥራ እንዲጨምሩ ነው የምትፈልጉት። አሁን ባለው ሕግ ሥራ ጨምሪ የምትባል እናት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ዕዳ ያመጣብኛል?" ብላ ነው። አረጋውያኑ የሚያጥባቸው ሰው አጥተው እያለ ሺፍቱን እምቢ ያለች አውቃለሁ። እሷም ተጎዳች፣ አረጋውያኑም ተጎዱ። ለጥቂት ወራት የሚወጣው ትርፍ ክፍያ ከዚህ አይበልጥም። ዕዳውን ለማስላት፣ ደብዳቤ ለመላክ፣ ስልክ ለመመለስ፣ አቤቱታ ለመስማት የሚወጣውንም ጨምሩበት።

ደግሞም ገቢያችንን አታውቁም ማለት አይቻልም። ከ2018 ጀምሮ ትልልቅ ቀጣሪዎች፣ ከ2019 ጀምሮ ትንንሾቹም በእያንዳንዱ የደሞዝ ቀን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃሉ። የእኔ ደሞዝ እኔ ጋ ሳይገባ እናንተ ጋ ተመዝግቧል። ታዲያ ራሳችሁ ያላችሁን ቁጥር ለምን እኛን ታስገምታላችሁ?

ማቅለል እንደምትችሉ አይተናል። የድሮውን የማቆያ ሕግ አስታውሱት። ባልም ሚስትም የሥራ ሰዓታቸውን ይቆጥሩ ነበር። በሁለት ሳምንት ከ8 እስከ 16 ሰዓት የሠራ 36 ሰዓት ድጎማ፣ ከዚያ በላይ እስከ 48 የሠራ 72 ሰዓት፣ ከ48 በላይ የሠራ 100 ሰዓት። የሚያዘውም ከሁለቱ ያነሰው ነው። ወረቀት ላይ እየደመርኩ ስንት ቅዳሜ አሳልፌያለሁ። ሥራ ፍለጋ ላይ ያለች እናት ልጇን የምታስቀምጥበት ስታጣ ቃለ መጠይቅ የቀረችበትን ጊዜ አውቃለሁ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ግን ድጎማው የሚገባው ቤተሰብ ሁሉ በሁለት ሳምንት 72 ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰዓት ሳይቆጠርበት ያገኛል። ከዚህ ለውጥ በኋላ እኔ ጋ የሚመጣ ጥያቄ በግማሽ ቀለለ ብል አላጋነንኩም። ከልቤ ነው የማመሰግናችሁ። ያንን ቆጠራ ማንሳት ከቻላችሁ ግምቷንም ማንሳት ትችላላችሁ። የመንግሥት አማካሪ የሆነው የምርታማነት ኮሚሽንም በ2024 ባወጣው ሪፖርት እስከ 80,000 ዶላር ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ድጎማው 100 በመቶ እንዲሆን መክሯል። ይህ ቢሆን እነዚያ ቤተሰቦች ስለ ክፍያው ማሰብ ራሱ ይቀርላቸዋል።

ሌሎች ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። የፋሚሊ ታክስ ቤኔፊት ሳይጠየቅ የዘገየ ከሆነ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላም አንድ ዓመት ጊዜ አለ። የማቆያው ድጎማ ግን ወደ ኋላ የሚከፈለው 28 ቀን ብቻ ነው። አንዱ ዓመት ይጠብቃል፣ አንዱ አራት ሳምንት። ለአዲስ መጪ እናት ይህን ልዩነት ማን ይነግራታል? ማመልከቻው ካለቀ በኋላም ማይገቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብታ የልጁን ምዝገባ ማረጋገጥ አለባት። ያቺን አንድ ቁልፍ ካልነካች ድጎማው አይገባም፣ ሙሉ ዋጋ ትጠየቃለች። 28ቱን ቀን ቢያንስ ወደ ስድስት ወር አሳድጉት። ማረጋገጫዋንም ከማመልከቻው ጋር አንድ አድርጓት።

ስለ ስማችን ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ይህን እኛ ካልነገርናችሁ ማንም አይነግራችሁም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። እኔ ከስሜ ቀጥሎ የአባቴን ስም ይዣለሁ። ባለቤቴ የአባቱን ስም ይዟል። ልጆቻችን የእሱን ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ ይዘዋል። ፎርማችሁ "ፋሚሊ ኔም" ሲል በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ ላይ ከተኛን ሰዎች ሦስት የተለያየ ስም ያገኛል። ከዚያ ልጁ የእሷ መሆኑን ታረጋግጥ ይባላል፣ ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቃል፣ ጊዜ ያልፋል። በስደት የመጡት ደግሞ ብዙዎቹ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል። አንዳንዱ ሰነድ ላይ የእኛ ዘመን አቆጣጠር አለ፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። ይህ ሁሉ የማጭበርበር ምልክት መስሎ ይታያል። አይደለም። ኤርትራውያንም ሶማሌዎችም ከአባት ስም ጋር ተመሳሳይ ነገር አለባቸው። ፎርሙ ላይ አንድ ምርጫ ጨምሩ፤ "በባህላችን ልጅ የአባቱን የመጀመሪያ ስም ይዞ ይጠራል" የሚል። አንድ መስመር ናት። ስንት የስልክ ወረፋ እንደምትቀንስ አትጠይቁኝ።

እህቶች፣ አሁን ደግሞ ለእናንተ። ሕጉ እስኪቀየር ድረስ ሺፍት በጨመራችሁበት ሳምንት ግምታችሁን አስተካክሉ፤ ሰኔን አትጠብቁ። የተያዘውን 5 በመቶ ራሳችሁ ከፍም ዝቅም ማስደረግ እንደምትችሉ እወቁ። በአማርኛ ለመነጋገር 131 202 ደውሉ፤ አስተርጓሚው ነፃ ነው፣ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ዕዳ በራሱ አፍ ሊነግራት አይገባም። የዕዳ ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ ክፈቱት። ስሌቱን ጠይቁ፣ ካላመናችሁበት እንደገና እንዲታይ ጠይቁ፣ ትክክል ከሆነም በትንሽ በትንሹ መክፈል ይቻላል። ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ አትዙሩ።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ በየዓመቱ ጁላይ ሲቃረብ ያቺ ሳጥን ዳግም ትከፈታለች። እኛም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ነን። ከመካከላችሁ አንዳችሁ ብትመጡ ወንበር አለ፣ ቡናም አይጠፋም። ከአንዲት እናት ጎን ትቀመጣላችሁ። "እዚህ ጋ ምን ልበል?" ስትል በዚያን ቀን የምትመልሱላት እናንተ ትሆናላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ምዕራብ ሜልቦርን